በምን መጣ?

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
ስንቱን «በደስታ» ነው የጣልሁት ሰርዤ።
ከጦሳ ግርጌ ነው የማስተምርበት፣
ጉም በመስኮት ገብቶ ወንበር የሚይዝበት፤
ጠመኔው ይረጥባል፣ ሰሌዳው ያልበዋል፣
«ተውሳከ ግሥ» ስጽፍ «ግ» ላይ ይሰበራል።

«ልጆች» እል ነበረ፣ «ይህ ቃል ሰነፍ ነው፣
ሸዋ በር የቆመ የቀን ሠራተኛ ነው፤
‹ና› ያለውን ሁሉ ተከትሎ ሂያጅ፣
ለቀበሌ ደብዳቤ፣ ለሠርግ ጥሪ ወዳጅ።
በደስታ ፈረመ። በደስታ ተቀበለ።
በደስታ ተሾመ። በደስታ ምን ያላለ!
ሰውየው ከዘለለ፣ አሳዩኝ ጫማውን፣
በጎረቤት ነጠላ የረጨውን ጭቃውን፤
‹ፈነደቀ› በሉ፣ ግሡ ራሱ ይዝለል፣
‹ሐሤት› የበዓል ነው፣ ሳጥን ውስጥ ይጠቅለል።
‹በደስታ› የሚለው ያላየ ሰው ብቻ ነው።»
ይጽፋሉ። ይደወላል። እኔም የማምነው ነው።

በኅዳር፣ ከስምንተኛ ሐ፣
ዘሀራ እብሬ፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ፣
«የማልረሳው ቀን» ብዬ ላዘዝሁት ድርሰት
አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ሰጠችኝ፦
«አባቴ በደስታ መጣ።»
ከዚያ በታች ባዶ ገጽ፣
ባዶ መስመር፣
የላጲስ ፍርፋሪ።

ሰረዝሁት።
በጠርዙ ላይ «አይታይም። በምን መጣ?» አልሁ።
ሦስት ከአሥር።

በማግስቱ ደብተሩ ተመለሰ፤ ከቀዩ ሥር፣ በሰማያዊ፦

«መምህር፣
በአይሱዙው እንዳልል፣ ሚሌ ማዶ ተገልብጦ ቀርቷል፣
ጎማውንም ሰው ፈትቶ ወስዶታል።
በባጃጅ እንዳልል፣ ባጃጁ ዳገቱን እንቢ ብሎ
ቧንቧ ውሃ ላይ አውርዶታል።
በእግሩ እንዳልል፣ አንዱ የለም፤
ቦሩ ሜዳ አምስት ወር ተኝቶ
እሱን እዚያ ትቶ ነው የወጣው።
በክራንች እንዳልል፣
አጥራችን ጋ ሲደርስ ለእናቴ አስያዛት።

ትንሿ እህቴ ደጁ ላይ በከሰል
ሰኞ ማክሰኞ አስምራ ነበር።
አባቴ መስመሩን አየ።
እሷ እሱን አየች። እግሩን አይደለም፣ ፊቱን።
‹ተራህ ነው› ብላ ጠጠሩን ሰጠችው።
ሰኞን ዘለለ። ማክሰኞን።
ረቡዕ ላይ ተንገዳገደ፣ እናቴ ‹ያ ረቢ!› አለች።
ሐሙስ። ዓርብ።
መስመር ሳይረግጥ በሩ ጋ ደረሰ፣
ላብ በላብ ሆኖ መቃኑን ይዞ፣
‹ድሮስ ይኼ ጨዋታ የሚፈልገው
አንድ እግር አይደል?› አለ።

ሳቀ እንዳልል አላየሁም፣
ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።
እንግዲህ መምህር፣ በምን መጣ ልበል?»

መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ቀረሁ፣
ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ሰዓቱን ረሳሁ።
«መስተዋድድ ናት» እያልሁ ስንት ዓመት የቆጠርኋት፣
ያቺ ትንሿ «በ»፣
ሁለት እግር እንዳላት ያን ቀን ነው ያየኋት።
«ደስታ»ን ተሸክማ፣ በሁለት እግሯ ቆማ፣
ከእብሬ ጋር አብራ ዳገቱን ወጥታ፣
እኔ በአንድ ጭረት፣ በቀይ፣
እግሯን ቆርጬ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ የራሱን ስርዝ አያጠፋም።
ሦስቱን አሥር አደረግሁት፤
ጭረቱ ግን እዚያው አለ፣
ቃሉም ከሥሩ ይነበባል።

ማታ በፒያሳ ወረድሁ።
ጉሙ የመብራቱን ራስ ውጦት፣
ሱቆች በራቸውን እየጎተቱ፣
የኮብልስቶኑ ድንጋይ እርጥብ፣ አራት ማዕዘን፣
አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ።
ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ሰው የለም።
ቦርሳዬን አጥር ላይ ሰቀልሁ፣
አንድ እግሬን አነሣሁ።

ማክሰኞ አልደረስሁም።